ከቤት ስትሠሩ የሚጠብቃችሁ የየትኛው ስቴት ሕግ ነው? ከዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) እስከ ካሊፎርኒያ አማራጮችን ማወዳደሪያ

ሁለት የስልክ አስተርጓሚዎችን አስቡ። ሁለቱም የሚሠሩት ለአንድ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ከ50 በላይ ሠራተኛ አለው፤ ቢሮው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ሁለቱም ጠዋት ሄድሴታቸውን አጥልቀው እቤታቸው ይቀመጣሉ። ከሆስፒታልና ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ስልክ ሲተረጉሙ ይውላሉ። እሷ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እሱ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ። ለእሷ በሰዓት ከ17.65 ዶላር በታች መክፈል ክልክል ነው። ለእሱ 12.77 ዶላር ቢከፍሉት ሕግ አልጣሱም።

ኩባንያው አንድ፣ ሥራው አንድ፣ አለቃቸውም አንድ። የተለያየው ወንበሩ ያለበት ቦታ ብቻ ነው።

ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ቡና ላይ ተቀምጠን ስንጫወት "ኩባንያው የዲሲ ስለሆነ የዲሲ ሕግ ነው የሚመለከተኝ" የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። ተሳስቼ እንደነበር ያወቅሁት በከፋ ሰዓት ነው፤ እሱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ስለዚህ አዲስ የሪሞት ሥራ ለመቀበል፣ ወይም ያላችሁን ሥራ ይዛችሁ ሌላ ስቴት ለመግባት የምታስቡ ከሆነ፣ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የጠቀስኳቸው የክፍያ ቁጥሮች በ2026 መጀመሪያ ላይ የሚሠሩት ናቸው። የዲሲና የሞንትጎመሪ ካውንቲ በየጁላይ፣ የብዙዎቹ ሌሎች ደግሞ በየጃንዋሪ ይለወጣሉ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንያዝ

የአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ እንደ ፎቅ ቤት ነው። ምድር ቤቱ የፌዴራሉ ሕግ ነው። በ1938 የወጣው ሕግ ዛሬ በሰዓት 7.25 ዶላር ይላል። ይህ ቁጥር ከጁላይ 2009 ወዲህ ንቅንቅ አላለም። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ ደግሞ በሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ግን የተራ የግል ኩባንያ ግዴታ አላደረገም። ከምድር ቤቱ በላይ የስቴቱ ሕግ አለ። ከዚያ በላይ አንዳንድ ቦታ የካውንቲው ወይም የከተማው አለ። በዝቅተኛ ክፍያም ሆነ በኦቨርታይም ከነዚህ ውስጥ ለሠራተኛው የሚሻለው ነው የሚይዘው።

የየትኛው ስቴት? በአብዛኛው ሥራው በአካል የሚሠራበት ስቴት። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት የት እንደሆነ፣ ቼኩ ከየት እንደሚላክ፣ ሰርቨሩ የት እንደተቀመጠ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ላፕቶፑን ከፍታችሁ የምትሠሩት የት ነው? ጥያቄው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው ተቀጣሪ ለሆነ ሰው ነው። በየዓመቱ የሚላክላችሁ የገቢ ቅጽ ደብሊው-2 ከሆነ ተቀጣሪ ናችሁ። 1099 የሚባለው ቅጽ ከሆነ ኩባንያው እንደ ራሱን ቻይ ነጋዴ ቆጥሯችኋል ማለት ነው። ሚኒመም ዌጅ (የዝቅተኛ ክፍያ ወለል) የለም፤ ኦቨርታይም የለም፤ የሕመም ፈቃድ የለም፤ ሥራው ሲቆም በመደበኛው መንገድ አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥነት ክፍያ) የለም። በዚያ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲውንና የሜዲኬሩን የአሠሪ ድርሻ ጭምር ራሳችሁ ትከፍላላችሁ። በአስተርጓሚነት ሥራ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። በሰዓት 25 ዶላር በ1099 ከመቀበል 20 ዶላር በደብሊው-2 መቀበል ብዙ ጊዜ ይሻላል። ይህን ስል ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን እንደማይወስን እወቁ። ሰዓታችሁን እነሱ የሚወስኑ፣ እንዴት እንደምትሠሩ እነሱ የሚቆጣጠሩ ከሆነ ተቀጣሪ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በተለይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕጉ የሚጀምረው ተቀጣሪ ናችሁ ብሎ ነው። በሕጉ ከተዘረዘሩት ልዩ ሙያዎች ውጭ፣ አይደሉም የሚለው ኩባንያ ነው ማስረዳት ያለበት።

ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይስ ቨርጂኒያ?

አብዛኞቻችን ያለነው እዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ።

ክፍያውን እንይ። ዲሲ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 17.95 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 12.77 ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ግን አድራሻችሁን በደንብ ተመልከቱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። ካውንቲው ከ50 በላይ ሠራተኛ ላለው አሠሪ 17.65 ዶላር ያዛል። ሃያትስቪል ደግሞ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው፤ እዚያ የሚሠራው የስቴቱ 15 ዶላር ነው። አንድ ትልቅ ኩባንያ በሰዓት 16 ዶላር ኦፈር ቢሰጣችሁ ሃያትስቪል ያለው ሰው ምንም ማለት አይችልም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ግን በሰዓት 1.65 ዶላር እየተወሰደበት ነው። ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ ሰው በዓመት 3,432 ዶላር ይሆናል። ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የሕመም ፈቃድ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ዲሲ ውስጥ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ኩባንያ በየ37 ሰዓቱ ሥራ አንድ ሰዓት ይሰጣል፤ በዓመት እስከ 7 ቀን። ከ25 እስከ 99 ሠራተኛ ላለው እስከ 5 ቀን፣ ከዚያ ላነሰው እስከ 3 ቀን ነው። ሜሪላንድ ከፌብሩዋሪ 2018 ጀምሮ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በየ30 ሰዓቱ አንድ ሰዓት የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ በዓመት እስከ 40 ሰዓት። ቨርጂኒያ በ2021 ባወጣችው ሕግ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ያስገደደችው በሰው ቤት እየሄዱ ለሚንከባከቡ የሆም ሄልዝ ሠራተኞች ብቻ ነው። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ የቢሮና የሪሞት ሠራተኛ ፈቃዱን የሚያገኘው ኩባንያው ወዶ ከሰጠው ብቻ ነበር።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ዲሲ ውስጥ ከመንግሥት የሚከፈል የቤተሰብና የሕመም ረጅም ፈቃድ አለ። ከጁላይ 2020 ጀምሮ ይሠራል። ከኦክቶበር 2022 ወዲህ ለወሊድ፣ የታመመ ቤተሰብ ለማስታመም ወይም ለራስ ሕመም እስከ 12 ሳምንት ይሰጣል። ወጪውን የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ከሠራተኛው ደመወዝ ምንም አይቆረጥም። እኔ ለአንድ የዲሲ ኩባንያ እሠራ ነበር። ቤቴ ቨርጂኒያ ነው። መጀመሪያ ቢሮ እመላለስ ነበር፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ከቤት ሥራ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ። የመንገዱን ትራፊክ የሚያውቅ ደስታዬን ይረዳል። በኋላ ቀዶ ሕክምና አስፈለገኝ። ወረቀቱን ልሞላ ስል "አንቺ የምትሠሪው ቨርጂኒያ ነው፤ አይመለከትሽም" ተባልሁ። ስድስት ሳምንት ያለ ደመወዝ ተኛሁ። ሥራው ወደ ቤት ሲዛወር መብቴም አብሮ እንደሚዛወር ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሕጉ እንዲህ ይላል። የዲሲ ጥበቃ የሚገባው ከሥራ ጊዜው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ዲሲ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ነው። ለሰዓት ክፍያውም መለኪያው ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ሀይብሪድ የምትሠሩ ሰዎች ቀን ቁጠሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ዲሲ ቢሮ፣ ሁለት ቀን ቤት ከሆነ 60 በመቶው ዲሲ ነው፤ የዲሲ ሠራተኛ ናችሁ። ሁለት ቀን ቢሮ፣ ሦስት ቀን ቤት ከሆነ ግን 60 በመቶው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ነው። አንዲት ቀን ናት የምትለየው። ልጅ ለመውለድ የምታስቡ ወይም ሕክምና የሚጠብቃችሁ ከሆነ ያችን ቀን አትልቀቋት። አለቃችሁ "አንድ ቀን ጨምረሽ ከቤት መሥራት ትችያለሽ" ሲል መልካም ነገር እያደረገ መስሎት ሊሆን ይችላል።

ሜሪላንድም የራሷን የሚከፈልበት ረጅም ፈቃድ አጽድቃለች። ግን ደጋግማ አራዝማዋለች። አሁን በተያዘው ቀጠሮ መዋጮው በጃንዋሪ 2027፣ ክፍያው በጃንዋሪ 2028 ይጀምራል።

ቨርጂኒያ ምንም ጥሩ ነገር የላትም ማለቴ ግን አይደለም። ከሥራ ስትለቁ ተፎካካሪ ኩባንያ እንዳትገቡ የሚያስፈርመውን ውል አስታውሱ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ በፌዴራል ሕግ ኦቨርታይም የሚገባውን ሠራተኛ እንዲህ ዓይነት ውል ማስፈረም ተከልክሏል። በሰዓት የምትሠሩ አስተርጓሚዎችና የኮል ሴንተር ሠራተኞች ይህን ያዙ። ሜሪላንድ ክልከላውን የምታደርገው ክፍያቸው ከስቴቱ ሚኒመም አንድ ተኩል እጥፍ ለማይበልጥ ሰዎች ነው።

ሌላው የመጨረሻ ክፍያ ነው። ዲሲ ውስጥ ከሥራ ያሰናበታችሁ ኩባንያ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ሒሳባችሁን መዝጋት አለበት። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እስከ ቀጣዩ መደበኛ የደመወዝ ቀን ይጠብቃሉ።

"ሳላሪ ነኝ" የምትሉ ሰዎች

ይህ ርዕስ ብዙ ገንዘብ የሚቀልጥበት ነው። "ሳላሪ ስለሆንሁ ኦቨርታይም የለኝም" የሚል ሰው እዚህም እዚያም ይገጥመኛል። ሳላሪ መሆን፣ ማለትም በሰዓት ሳይሆን በቁርጥ ደመወዝ መሥራት፣ ብቻውን አይበቃም። የሥራው ዓይነት መመዘን አለበት፤ ደመወዙም ከአንድ ወለል በላይ መሆን አለበት። የፌዴራሉ ወለል በሳምንት 684 ዶላር፣ በዓመት 35,568 ዶላር ነው። በ2024 ወለሉን ከፍ ያደረገውን ደንብ በዚያው ዓመት በኖቬምበር አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሰረዘው።

ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2026 የካሊፎርኒያ ወለል በዓመት 70,304 ዶላር ነው። የዋሽንግተን ስቴት ደግሞ 80,168.40 ዶላር ነው። በዓመት 65,000 ዶላር የሚከፈለው የፕሮጀክት አስተባባሪ ዳላስ ቁጭ ብሎ በሳምንት 50 ሰዓት ቢሠራ የሥራው ዓይነት መስፈርቱን ካሟላ ትርፉ አሥር ሰዓት በነጻ ሊሄድ ይችላል። ያው ሰው፣ ያው ሥራ፣ ያው ደመወዝ ሲያትል ላይ ከሆነ ለነዚያ አሥር ሰዓቶች ኦቨርታይም ይገባዋል። ዕድሜ ለወንበሩ።

ራቅ ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ

ቴክሳስና ጆርጂያ። ዳላስም አትላንታም የሀበሻ ከተማ ሆነዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ሬስቶራንቱም አለ። ቤትም ከዲኤምቪ ረከስ ይላል። ሰው ለምን እንደሚሄድ ይገባኛል። ግን በሠራተኛ ሕግ በኩል ከምድር ቤቱ ብዙም ከፍ አይሉም። ሁለቱም ጋ የሚሠራው 7.25 ዶላር ነው። የግል ኩባንያ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የስቴት ሕግ ቴክሳስ ውስጥ የለም። ቴክሳስ ሌላም ነገር አላት፤ የግል አሠሪ ለሥራ ላይ ጉዳት መድን መግባት ግዴታው አይደለም። ቤት ውስጥ ስትሠሩ ምን ጉዳት አለ ትሉ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የሚተይብ ሰው የእጅ አንጓውን ይጠይቅ። ስለዚህ ወደ ቴክሳስ ከመሄዳችሁ በፊት "መድኑ አለን?" ብላችሁ ጠይቁ። የተባረረ ሠራተኛ ሒሳብ እዚያ በ6 ቀን ውስጥ ይዘጋል። የስቴት ኢንካም ታክስ ቴክሳስ የላትም። ደመወዛችሁ ጥሩ ከሆነ፣ ኩባንያው ራሱ ለጋስ ከሆነ፣ ቴክሳስ ያዋጣል። ጥበቃውን ከሕጉ ሳይሆን ከኩባንያው ፖሊሲ ስለምታገኙ ግን የፖሊሲውን መጽሐፍ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ።

ዋሽንግተን ስቴት። ለሪሞት ሠራተኛ እኔ ካየኋቸው ሁሉ የተመጣጠነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የስቴቱ ዝቅተኛ ክፍያ 17.13 ዶላር ነው፤ ሲያትል ከተማ ውስጥ 21.30 ነው። በደመወዝ ላይ የስቴት ኢንካም ታክስ የለም። የሕመም ፈቃድ በየ40 ሰዓቱ አንድ ሰዓት ይጠራቀማል፤ ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ በዓመት 52 ሰዓት ማለት ነው። የሚከፈልበት የቤተሰብና የሕመም ፈቃድ ከ2020 ጀምሮ አለ። ለዚያ ግን ስቴቱ ውስጥ 820 ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል። ዛሬ ሬንተን ገብቶ በሚቀጥለው ወር ፈቃድ መጠየቅ አይቻልም። ከደመወዛችሁ ላይም የፈቃዱ መዋጮና ለእርጅና እንክብካቤ የሚሆን 0.58 በመቶ ይቆረጣል። የመጀመሪያውን ፔይቼክ ስታዩ እንዳትደነግጡ።

ካሊፎርኒያ። ጥበቃው የጠነከረበት ስቴት ነው፤ ኑሮውም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። ዝቅተኛ ክፍያው 16.90 ዶላር ነው። ኦቨርታይም የሚቆጠረው በሳምንት ብቻ ሳይሆን በቀንም ነው። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከ12 ሰዓት በላይ ሁለት እጥፍ። በሳምንት አራት ቀን አሥር አሥር ሰዓት መሥራት የምትወዱ አስተርጓሚዎች ይህን አስሉት። ቨርጂኒያ ውስጥ 40 ሰዓት ስለሞላ ኦቨርታይም የለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን ሠራተኞቹ በሕጉ ሥርዓት ድምፅ ሰጥተው ያጸደቁት ልዩ የሥራ ፕሮግራም ከሌለ በሳምንት 8 ሰዓት ኦቨርታይም አለ። አምስተኛው የሥራ ሰዓት ሳያልቅ የ30 ደቂቃ የምግብ ዕረፍት መሰጠት አለበት። ያልወሰዳችሁት የዓመት ዕረፍት ስትለቁ በገንዘብ ይከፈላል። ሲያባርሯችሁ ሒሳቡ እዚያው ወዲያውኑ ይዘጋል። ተፎካካሪ ጋ አትግቡ የሚለው ውል ደግሞ ዋጋ የለውም፤ የተፈረመው ሌላ ስቴት ውስጥ ቢሆንም እንኳ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌላ የምወደው ነገር የወጪው ጉዳይ ነው። ሥራው የሚጠይቀውን ወጪ አሠሪው መመለስ አለበት። በ2014 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሠራተኛው ለሥራ በግል ስልኩ መደወል ግዴታው ከሆነ ያልተገደበ ፓኬጅ ቢኖረውም እንኳ ኩባንያው ተመጣጣኝ ድርሻውን ይክፈል ብሎ ወስኗል። ኢሊኖይም ከ2019 ጀምሮ ተመሳሳይ ግዴታ አላት። ሌሎች ብዙ ስቴቶች ግን ኢንተርኔቱን፣ ሄድሴቱን፣ ወንበሩን በራስህ ግዛ ቢሏችሁ ዝም ይላሉ። የፌዴራሉ ሕግ የሚናገረው ወጪው ክፍያችሁን ከ7.25 በታች ካወረደው ብቻ ነው።

ሚኒሶታ፣ ኢሊኖይና ኮሎራዶ መሀል ላይ ናቸው። ሚኒሶታ በየ30 ሰዓቱ አንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ከጁላይ 2023 ወዲህ የተፈረመ የተፎካካሪ ውልም አይሠራም። ከጃንዋሪ 2026 ደግሞ የሚከፈልበት ረጅም ፈቃድ ጀምሯል። ኢሊኖይ ምክንያት ሳይጠየቅ በዓመት 40 ሰዓት የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። ኮሎራዶ የተጠራቀመ የዓመት ዕረፍት እንዳይቃጠል ትከላከላለች፤ ረጅም ፈቃዱም ከ2024 ጀምሮ አለ።

ታክስ ሌላ፣ የሠራተኛ ሕግ ሌላ

እነዚህን አታደባልቁ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በገቢ ታክስ ጉዳይ ደመወዝ የሚታየው በምትኖሩበት ስቴት ነው። ሜሪላንድ እየኖረ በሳምንት ሦስት ቀን ዲሲ የሚሠራ ሰው ታክሱን ለሜሪላንድ ይከፍላል፤ የሚጠብቀው ግን የዲሲ የሠራተኛ ሕግ ነው። ስለዚህ ፔይቼኩ ላይ "ኤምዲ" የሚል ስላያችሁ የዲሲ መብት የለኝም ብላችሁ አትደምድሙ። ኒው ዮርክ ደግሞ በተቃራኒው ናት። ለኒው ዮርክ ቢሮ የሚሠራ ሰው ለራሱ ምቾት ብሎ ሌላ ስቴት ሆኖ ቢሠራ ኒው ዮርክ ታክሱን ልትጠይቅ ትችላለች። ታክስ ስላስከፈለች ግን ሥራ ሲቆም ታነሳችኋለች ማለት አይደለም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ ለሚገኝ ኩባንያ የምትሠራ አንዲት ሴት ወደ ፍሎሪዳ ተዛውራ ከቤቷ በኮምፒውተር መሥራት ቀጠለች። በኋላ ሥራዋ ቀረና ከኒው ዮርክ አንኢምፕሎይመንት ጠየቀች። ጉዳዩ እስከ ስቴቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2003 የተሰጠው መልስ፣ ሥራውን በአካል የሠራሽው ፍሎሪዳ ስለሆነ ኒው ዮርክ አይመለከታትም የሚል ነበር። ያኔ የሪሞት ሥራ ብርቅ ነበር። ዛሬ ያ ውሳኔ ስንቱን ሰው እንደሚመለከት አስቡት። ሌይ ኦፍ ስትደረጉ የምታመለክቱት ስትሠሩ ወደነበረበት ስቴት ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገርም አለ። የፌዴራሉ የቤተሰብና የሕመም ፈቃድ 12 ሳምንት ነው፤ አይከፈልበትም፣ ግን ሥራችሁን ይጠብቃል። ይህ ሕግ የሚሠራው በ75 ማይል ውስጥ ቢያንስ 50 ሠራተኛ ካለ ነው። ከቤት የሚሠራ ሰው "ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ አላሟላም" ብሎ ይተወዋል። ለዚህ ሕግ ግን የሥራ ቦታችሁ ተብሎ የሚቆጠረው ሪፖርት የምታደርጉበት ወይም ሥራ የሚሰጣችሁ ቢሮ ነው። ቢሮው ዙሪያ ሃምሳ ሰው ካለ፣ አንድ ዓመት ሞልታችሁ ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት ከሠራችሁ፣ ይገባችኋል። ለእኔም ሥራዬን ያቆየልኝ ይኸው ነበር።

አዲስ አበባ ሆኜ ብሠራስ?

በክረምት ወይም በገና ሰሞን ሄዶ እናት አባቱ ጋ ተቀምጦ ሁለት ሦስት ወር መሥራት የማይመኝ የለም። ሁለት ነገር ብቻ አስቡ። የፌዴራሉ የሰዓትና የኦቨርታይም ሕግ የሥራ ሳምንቱን ሙሉ ውጭ አገር ላይ ለተሠራ ሥራ አይሠራም። መድልዎን የሚከለክሉት ሕጎች ግን ለአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራን የአሜሪካ ዜጋ ውጭም ተከትለው ይጠብቁታል። ሁለተኛ፣ በኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየ ሰው ነዋሪ ተብሎ ይቆጠራል። ሳታስፈቅዱ የኩባንያውን ላፕቶፕ ይዛችሁ መሄድ ደግሞ ብዙ ቦታ ያስባርራል፤ በተለይ የሕክምና መረጃ የምትነኩ ከሆነ።

እኔ ብሆን

ደመወዜ በሰዓት ሆኖ ከ20 ዶላር በታች ከሆነ፣ ሕጉ ራሱ የሚያነሳኝ ቦታ እመርጣለሁ። ዲኤምቪ ውስጥ መቆየት ካለብኝ ሞንትጎመሪ ካውንቲ። ልጅ የመውለድ ወይም የታመመ ወላጅ የማስታመም ነገር ካለ ሙሉ ሪሞቱን ትቼ በሳምንት ሦስት ቀን ዲሲ እገባለሁ። ሜትሮው ቢሰለችም ለ12 ሳምንት ክፍያ ይሁን። ዓመታዊ ደመወዜ ከ36,000 እስከ 80,000 ሆኖ ሥራው ሰዓት የሚያስረዝም ከሆነ ዋሽንግተን ስቴት። ከመቶ ሺህ በላይ እየተከፈለኝ ኩባንያው በራሱ ፖሊሲ ረጅም ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ ቴክሳስን አልጠላም። ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ለገዛ ሰው ለቅቀህ ሂድ አልለውም። ስቴቱ ያላስገደደውን የሕመም ፈቃድ ግን ኦፈሩን ከመፈረሙ በፊት በድርድር ያስገባ። ደመወዝ ላይ እንከራከራለን እንጂ የሕመም ቀን ላይ መደራደር አልለመድንም፤ ይቻላል።

የትም ብትሄዱ ተደብቃችሁ አትሂዱ። አድራሻ ሳይቀይሩ በዘመድ ቤት አድራሻ እየተከፈላቸው ሌላ ስቴት ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች አውቃለሁ። ኩባንያው በዚያ ስቴት ካልተመዘገበ ታክሱም የሥራ አጥነት መዋጮውም በተሳሳተ ቦታ ይገባል። ነገሩ የሚወጣው ደግሞ ሥራ ሲቆም ወይም ስትታመሙ ነው።

ክፍያ የተጎደለባችሁ ከመሰላችሁ የየስቴቱ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አቤቱታ በነጻ ይቀበላል። ዲሲ ውስጥ በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት በአማርኛ ማስተናገድ አለባቸው፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ። በፌዴራሉ ሕግ የመክሰሻ ጊዜው በተለመደው ሁለት ዓመት ነው። ሰዓታችሁን በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ፤ የኩባንያው ሲስተም ብቻውን አይበቃም።

ከመዛወራችሁ በፊት ለኤችአር (ለኩባንያው የሠራተኞች አስተዳደር ክፍል) እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ የምሠራው እዚህ ካውንቲ፣ እዚህ ስቴት ነው። ኩባንያው እዚያ ተመዝግቧል? የሕመም ፈቃዴና የተጠራቀመው ዕረፍቴ ምን ይሆናል? የሥራ አጥነት መድኑ የሚከፈለው ለየትኛው ስቴት ነው? የሥራ ላይ ጉዳት መድን አለኝ? ኢንተርኔትና ስልኬን ማን ይከፍላል? ደመወዜ ይለወጣል? በስልክ ቢመልሱላችሁ አመስግናችሁ "እባካችሁ በኢሜይል ላኩልኝ" በሏቸው። ሲደርሳችሁ ወደ ግል ኢሜይላችሁ አስተላልፉት፤ ሥራው በቆመ ቀን የኩባንያው ኢሜይል ይዘጋልና።